ድራመር የሌለው ድራም፦ የሙዚቃ ሶፍትዌር፣ ቨርቹዋል መሣሪያዎችና የድራም ፕለጊኖች

ዛሬ የምንሰማው አብዛኛው ዘፈን ቢያንስ በከፊል ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ነው። ቤዝ ጊታሩን የተጫወተ ሰው ላይኖር ይችላል። የቫዮሊኑ ቡድን ከሃርድ ዲስክ የወጣ ሊሆን ይችላል። ድራሙማ ብዙ ጊዜ በማውስ አንድ በአንድ የተደረደረ ነው። አድማጩ አይለየውም፤ ቢለየውም ግድ የለውም።

የሥራው ማዕከል በሙያው ሰዎች ዘንድ ዳው የሚባለው ፕሮግራም ነው። መቅጃውም፣ ማቀናበሪያውም፣ ሚክስ ማድረጊያውም (ድምፆቹን አመጣጥኖ ማዋሃጃውም) እሱ ነው። ኪውቤዝ፣ ሎጂክ፣ ፕሮ ቱልስ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭና ሪፐር ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳው መካከል ናቸው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እንደ እውነቱ ከሆነ በድምፅ ጥራት ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። የሚለያዩት በሥራ አካሄድ ነው። ይህ ደግሞ ከአጀማመራቸው ይመጣል። ፕሮ ቱልስ በ1991 ሲወጣ ዓላማው የቴፕ መቅጃን መተካት ነበር፤ ዛሬም ዘፋኝና ባንድ በሚቀዳባቸው ስቱዲዮዎች ጠንካራ ቦታ አለው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በ1997 ፍሩቲሉፕስ ተብሎ ሲጀምር ቀላል የምት መደርደሪያ ነበር፤ ቢት ሠሪዎች እስካሁን የሚወዱት ለዚሁ ነው። ኤብልተን ላይቭ በ2001 የመጣው ሙዚቃን መድረክ ላይ ከላፕቶፕ ለመጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ስለዚህ አንዱን መርጦ በደንብ መልመድ፣ በየሳምንቱ ፕሮግራም ከመቀያየር ይበልጣል።

ዳው ብቻውን ግን ባዶ ቤት ነው። ድምፅ የሚያወጡት በውስጡ የሚከፈቱት ቨርቹዋል መሣሪያዎች ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቋንቋ ሚዲ ይባላል። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርዒት ላይ፣ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያያዙ። አንዱ የሲኩዌንሻል ፕሮፌት 600፣ ሌላው የሮላንድ ጁፒተር 6 ነበር። አንዱ ሲነካ ሌላውም ጮኸ። ከዚህ ጀርባ የነበሩት ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመውበታል።

ጀማሪውን የሚያደናግረው ነገር ሚዲ ድምፅ አለመሆኑ ነው። ትእዛዝ ነው። የትኛው ኖታ፣ መቼ ተነካ፣ መቼ ተለቀቀ፣ በምን ያህል ኃይል የሚል ትእዛዝ። ኃይሉ ቬሎሲቲ ይባላል፤ ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይጻፋል። ሚዲው ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ በፒያኖ የተጫወቱትን ዜማ ኖታው ሳይነካ ወደ ዋሽንት መቀየር ይቻላል። የተሳሳተች አንዲት ኖታም ትስተካከላለች፤ ሁሉንም እንደ አዲስ መቅዳት አያስፈልግም።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ ከውጭ የሚገናኙ ዕቃዎች ነበሩ። ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲገቡ ያደረገው የጀርመኑ ስታይንበርግ ነው። በ1996 ቪ ኤስ ቲ የተባለውን ደንብ አወጣ። ደንቡን የተከተለ ማንኛውም ሰው ኪውቤዝ ውስጥ የሚሠራ ፕለጊን፣ ማለትም በዳው ውስጥ የሚከፈት ተጨማሪ ፕሮግራም፣ መጻፍ ቻለ። መጀመሪያ ላይ የሚሠራው ለማስተጋቢያና ለመሳሰሉት የድምፅ ማሳመሪያዎች ብቻ ነበር። በ1999 የወጣው ሁለተኛው ቅጂ ፕለጊኖች ሚዲ እንዲቀበሉ ፈቀደ። ያኔ ነው ኪቦርዱም ድራሙም ጠቅልሎ ስክሪን ውስጥ የገባው። ዛሬ አፕል ኤ ዩ የሚባል የራሱ ዓይነት አለው፤ ፕሮ ቱልስ ደግሞ ኤ ኤ ኤክስን ብቻ ይቀበላል። በ2022 ክላፕ የሚባል ክፍት ደንብም ተጨምሯል። ፕለጊን ከማውረድ በፊት የእርስዎ ዳው የትኛውን እንደሚያነብ ማየት ብዙ ብስጭት ይቀንሳል።

ድምፅ የሚያወጡበት ዘዴም ይለያያል። አንዳንዶቹ ድምፁን ከባዶ ያመነጩታል፤ እነዚህ ሲንተሳይዘሮች ናቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ መሣሪያ ተቀድቶ የተቀመጠበትን ሳምፕል ያጫውታሉ። እንደ ፒያኖቴክ ያሉት ደግሞ ምንም የተቀዳ ነገር ሳይይዙ የገመዱንና የመዶሻውን ባሕርይ በሒሳብ ያሰላሉ። ሳምፕል ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ስሌት ደግሞ ፕሮሰሰሩን ያደክማል።

ይህ ሁሉ ድራም ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይጣፍጣል። ይከብዳልም። ፒያኖ ቢያንስ ኪቦርድ ስለሆነ ጣትዎ ይለምደዋል። ድራም ግን በሁለት እጅና በሁለት እግር የሚመታ፣ ክፍሉን ሁሉ የሚያናውጥ ዕቃ ነው። እሱን በጸጥታ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ድፍረት ይጠይቃል።

በ1980 ሁለት ማሽኖች ወጡ። አንዱ የሮጀር ሊን ኤል ኤም 1 ነው። የእውነተኛ ድራም ቅጂዎችን በማስጮህ የመጀመሪያው የድራም ማሽን ነበር። ያኔ ሜሞሪ እጅግ ውድ ስለነበር ግን ክራሽና ራይድ የሚባሉት ትልልቅ ሲምባሎች (የሚመቱ የብረት ሳህኖች) አልነበሩትም፤ ረዥም የሚያስተጋባ ድምፅ ቦታ ይበላ ነበርና። ሌላው የሮላንድ ቲ አር 808 ነው። ይህኛው ምንም ሳምፕል የለውም፤ ሁሉንም በኤሌክትሪክ ዑደት ያመነጫል። እውነተኛ ድራም አይመስልም ተብሎ ተናቀ። 12,000 ያህል ተሠርቶ በ1983 ቆመ። አሁን ያንን “የማይመስል” ድምፅ የማይዝ የቢት ፕሮግራም ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የተናቀው ማሽን ለሂፕ ሆፕና ለትራፕ መሠረት ሆነ።

የሊን መንገድ ደግሞ ወዴት እንዳደገ እንይ። በ2017 የወጣው የድራም ፕለጊን ሱፒሪየር ድራመር 3 ከ230 ጊጋባይት በላይ ጥሬ ድምፅ ይዟል። የተቀዳው ቤልጂየም ውስጥ፣ በጋላክሲ ስቱዲዮ፣ በዕውቁ የድምፅ መሐንዲስ ጆርጅ ማሰንበርግ ነው። ለአንድ ሲምባል ቦታ ከጠፋበት ዘመን እዚህ ተደርሷል። ኢዚ ድራመር፣ አዲክቲቭ ድራምስ፣ ቢ ኤፍ ዲና ስቲቨን ስሌት ድራምስም በዚሁ መስመር ያሉ ናቸው።

ይህ ሁሉ ጊጋባይት ምን ይሠራል? አንድ ስኔር (ሹል ድምፅ ያለው ጠፍጣፋ ድራም) አንድ ድምፅ ብቻ ስለሌለው ነው። በቀስታ ሲመታ ድምፁ መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ ቃናውም ይለወጣል። ስለዚህ ቀጂዎቹ ድራመሩን ከሹክሹክታ እስከ ሙሉ ኃይል ደጋግሞ እንዲመታ ያደርጉታል። እያንዳንዱ የኃይል ደረጃ ለብቻው ይቀመጥና በቬሎሲቲው ቁጥር ይጠራል። ይህ ግን አይበቃም። ድራመር በአንድ ዓይነት ኃይል አሥር ጊዜ ቢመታ አሥሩም በጥቂቱ ይለያያሉ። ፕሮግራሙ አንዱን ቅጂ ብቻ ቢደጋግመው ታታታታ የሚል የመትረየስ ድምፅ ይወጣል። መፍትሔው በአንድ ደረጃ ላይ ብዙ ቅጂ አስቀምጦ በተራ ማዞር ነው። ይህ ራውንድ ሮቢን ይባላል።

ከዚያ ማይኮቹ አሉ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም)፣ ስኔሩ፣ ቶሙ (ወፍራም ድምፅ ያለው መካከለኛ ድራም) እያንዳንዳቸው ቅርብ ማይክ አላቸው። ከላይ የተሰቀሉ ማይኮች ሲምባሎቹንና አጠቃላዩን ይይዛሉ። ራቅ ያሉት ደግሞ የክፍሉን ማስተጋባት ይሰበስባሉ። ጥሩ ፕለጊን እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ያቀርባል። ስኔሩ ሲመታ ወደ ኪኩ ማይክ የሾለከው ድምፅ እንኳን አብሮ ይመጣል። ይህ የተዘበራረቀ የሚመስል ሹልክታ ነው ድራሙን አንድ ክፍል ውስጥ ያለ የሚያስመስለው። ድራሙ ባዶ መስሎ ከተሰማዎ ሌላ ፕለጊን ከመፈለግ በፊት የክፍሉን ማይክ ከፍ አድርገው ይሞክሩ።

በኪቦርድ ላይ የድራሞቹ አቀማመጥ በጋራ ደንብ ይመራል። በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ ኪክን 36 ቁጥር ኖታ ላይ፣ ስኔርን 38 ላይ፣ ዝግ ሃይ ሃትን (በፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) 42 ላይ፣ ክፍቱን 46 ላይ አስቀምጧል። ፕለጊኖች ግን ተጨማሪ አመታቶች ስላሏቸው ከዚህ ይወጣሉ። በአንዱ የተሠራ ምት በሌላው ሲከፈት ስኔሩ ቶም ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ማስተካከያ ሠንጠረዥ አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር አደራደሩ ካልሆነ ድራሙ ሐሰት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህን ሰው ሊመታው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሃይ ሃት፣ ስኔርና ክራሽ በአንድ ቅጽበት አብረው ከተጻፉ ድራመሩ ሦስት እጅ ያስፈልገዋል። ቶሞቹ ላይ ሲዞር ሃይ ሃቱ በስቲክ መመታቱን ከቀጠለም እንዲሁ። አድማጩ ምክንያቱን ባይናገረውም ጆሮው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ሁለተኛው ቬሎሲቲ ነው። ሁሉንም 127 ላይ አስቀምጦ የተወ ሰው ያን ሁሉ ጊጋባይት ያወረደው በከንቱ ነው፤ የሚሰማው የላይኛው ደረጃ ብቻ ነውና። ሃይ ሃቱን ጠንከር፣ ላላ እያደረጉ ቢያወዛውዙት፣ በዋናዎቹ የስኔር ምቶች መካከል ቬሎሲቲያቸው ከ20 እስከ 40 የሚደርስ ለስለስ ያሉ ምቶችን ቢጨምሩ ምቱ ይተነፍሳል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ኳንታይዝ የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ምት ትክክለኛው የጊዜ መስመር ላይ ያስቀምጣል። ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን ያደርቃል። ብዙ ፕሮግራሞች “ሰው አስመስል” የሚል ቁልፍ አላቸው። ለእኔ ይህ ቁልፍ ከሚወራለት ያነሰ ነው። ምቶቹን በዘፈቀደ ይበትናቸዋል፤ ጥሩ ድራመር ግን በዘፈቀደ አይዘገይም። ስኔሩን ሁልጊዜ በትንሹ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ወይም ሃይ ሃቱን ወደ ፊት ይገፋል። ልማድ አለው። ሮጀር ሊን በድራም ማሽኖቹ ላይ ያስገባው ስዊንግ ለዚህ የተሻለ መሣሪያ ነው። ከየጥንዱ ሁለተኛዋን ምት ብቻ ያዘገያል። 50 በመቶ ቀጥ ያለ ነው፤ 66 አካባቢ ሦስት በሦስት የሚወዛወዝ ይሆናል። ብዙዎች የሚወዱት ግሩቭ በሁለቱ መካከል ይገኛል።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የሌለው ሰው አቋራጭ አለው። ፕለጊኖቹ እውነተኛ ድራመሮች በኤሌክትሮኒክ ድራም የተጫወቷቸውን የሚዲ ምቶች ይዘው ይመጣሉ። ጎትቶ ማስገባት ብቻ ነው። ማፈር አያስፈልግም። ሌላው ሁሉ ቢት ሠሪም እነዚያኑ እየጎተተ ስለሆነ ግን ቢያንስ ኪኩን ከቤዙ ጋር እንዲሄድ አድርጎ መቀየር ያሻል።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ ሰው መምሰል ግብ አይደለም። ኪኩ ሁሌ ያው፣ ሁሌ መስመሩ ላይ ቢሆን ነው የሚያስጨፍረው። ትኩረት የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ረዥሙ የ808 ኪክ ቤዝ ሆኖ ሲያገለግል የራሱ ኖታ ስላለው ዘፈኑ ከተመሠረተበት የድምፅ ቁልፍ (ኪይ) ጋር መስማማት አለበት። ሚክሱን ሳያስፈልግ ሲያምሱ የሚውሉ ብዙዎች ችግራቸው ይህቺው ናት።

ድራም በእጅ ለመጫወት ትንሽ የፓድ ኪቦርድ ይበቃል። ፈተናው መዘግየት ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን በቁራጭ ቁራጭ ስለሚያዘጋጅ፣ በመታንበትና በሰማንበት መካከል ጊዜ ያልፋል። በ44,100 ኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ፣ ቁራጩ 128 ሳምፕል (እዚህ ላይ አንድ ልኬት ማለት ነው) ከሆነ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 1,024 ከሆነ ከ23 ያልፋል፤ ይህም ድምፅ በአየር 8 ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። እንዲህ ሆኖ ምት መጠበቅ ዘበት ነው። ስለዚህ ሲቀዱ ቁጥሩን ያሳንሱ፣ ሚክስ ላይ ሲደርሱ ያሳድጉ። ዊንዶውስ ላይ የአሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ ማገናኛ ሶፍትዌር) ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከውጭ የሚሰካ የድምፅ መሣሪያ) ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ትራኩን ፍሪዝ ማድረግ ይቻላል። ፕለጊኑ ለጊዜው ወደ ተቀዳ ድምፅ ተቀይሮ ያርፋል። ሳምፕሎቹን ኤስ ኤስ ዲ ላይ ማስቀመጥም ፕሮጀክት ሲከፈት የሚፈጀውን ጥበቃ ያሳጥራል።

ጀማሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ዳው ውስጥ አብረው የመጡትን ቢያሟጥጥ ይሻለዋል። ጋራጅባንድ ማክ ላላቸው በነፃ ይገኛል። አርዶርና ኤል ኤም ኤም ኤስ ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው። ቫይታል የተባለው ሲንተሳይዘር ነፃ ቅጂ አለው፤ ኤም ቲ ፓወር ድራም ኪትም እንዲሁ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ፕለጊን ግን ሥነ ምግባሩን ትተነው እንኳን ቫይረስ ማስገቢያ በር ነው። ሥራው ሊያልቅ ሲል ፕሮጀክቱን ይዞ መዝጋትም ልማዱ ነው።

በሕጋዊው መንገድም ቢሆን ፕለጊን ዘላለማዊ አይደለም። አፕል በ2019 ካታሊናን ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ማክ ላይ መሥራት አቆሙ፤ አብረዋቸው ብዙ አሮጌ ፕለጊኖች ሞቱ። ስታይንበርግም በ2018 የቪ ኤስ ቲ 2ን መሥሪያ ማከፋፈል አቁሟል። ሚዲው ብቻ ተቀምጦ መሣሪያው ከጠፋ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ዝምታ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ያለቀ ሥራ እያንዳንዱ ትራክ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ ነጥብ ጀምሮ፣ ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ኪክ፣ ስኔር፣ ከላይ ያሉት ማይኮችና ክፍሉ ለየብቻ። ከሚዲው ፋይል፣ ከዘፈኑ ፍጥነትና ከተጠቀሙባቸው ፕለጊኖች ስም ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ።