ስለ አርት ፌርና ስለ ስቱዲዮ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ተቀምጬ ሥዕል በመሣል ስኖር ከጎረቤትም ከወዳጅም ደጋግሜ የምሰማቸው አስተያየቶች፣ ሥዕል የሚሸጥባቸውን ዓለም አቀፍ ገበያዎች፣ ማለትም አርት ፌሮችን፣ ሠዓሊው ብቻውን ከሚሠራበት ክፍል ጋር የሚያምታቱ ናቸው።

የመጀመሪያው «ሥዕሎችህን ይዘህ ሂድና ሽጥ» የሚለው ምክር ነው። አርት ፌር እንደ ባዛር ማንም ቦታ ተከራይቶ ዕቃውን የሚዘረጋበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው የስዊዘርላንዱ አርት ባዝልም ሆነ በ2013 ለንደን ላይ የተከፈተውና በስሙ አንዷን አህጉር አፍሪካንና 54 አገሮቿን የሚጠራው «1-54» በዋናነት የሚያስተናግዱት ጋለሪዎችን፣ ማለትም የሠዓሊዎችን ሥራ የሚያሳዩና የሚሸጡ ድርጅቶችን ነው። ጋለሪው አመልክቶ በመራጭ ኮሚቴ ካለፈ በኋላ የዳሱን ኪራይ ይከፍላል፤ ሠዓሊው የሚገባው ጋለሪው ሥራውን ከመረጠለት ነው።

ዋጋውም ሙሉ በሙሉ የሠዓሊው አይደለም፤ በተለመደው አሠራር ግማሹን ጋለሪው ይወስዳል። ይህን ዝርፊያ የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም፣ ምክንያቱም ኪራዩና ማጓጓዣው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው ከዚያው ግማሽ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ አንድ አገናኝ የጅማውን ወንዝ የአዌቱን ድፍርስ ውኃ የሣልኩበትን ትንሽ ሥዕል አይቶ «የጅማ ሰው ስለሆንክ ቡና ጨምርበት» ብሎኛል።

«የተሸጠ ሥዕል የተሻለ ሥዕል ነው» የሚለው አባባል የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። መቶ ዳሶችን በአንድ ቀን የሚያዳርስ ተመልካች የሚቆመው ትልቁና ደማቁ ሥዕል ፊት ነው፤ ረጋ ብሎ ማየትን የሚጠይቅ ሥራ እዚያ ባይሸጥ አይገርምም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ስቱዲዮ፣ ማለትም የሠዓሊው የሥራ ክፍል፣ ስሜት እስኪመጣ የሚጠበቅበት ቦታ ነው የሚለው ነው። እዚያ የሚጠበቀው ቀለሙ እስኪደርቅ ነው። ብዙ ሰው የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ እርጥበቱ ተንኖ የሚደርቅ ይመስለዋል፤ የተልባ ዘይቱ ግን የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው። ወፍራም ቅብ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ሥረኛው ሽፋን ዘይት ያነሰው፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ካልሆነ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲሰነብት፣ የሸራው ጀርባ እንዳይሻግት በሁለት የእንጨት ቁራጮች ከግድግዳው አርቄ አቆመዋለሁ፤ በየሳምንቱም መድረቁን ለማወቅ የቅቡን ጠርዝ በጥፍሬ ጫን እያልኩ እፈትሻለሁ። ከሥራው ግማሹ ይኸው ነው።

በመጨረሻ፣ ለገንዘብ ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሁሉ ጥበብ አይደለም የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የትእዛዝ ሥራ ነው። እኔም ጋለሪ ሲጠይቀኝ እልካለሁ፤ የምልከው ግን ጥፍሬ ምልክት ያልተወበትን ነው።