የጠመንጃ ካሊበር ምንድን ነው? ለዱር አሳማስ የትኛው ይሆናል?

ጅማ ዙሪያ በቆሎ ማሸት ሲጀምር የገበሬው እንቅልፍ ያበቃል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሲመሽ ደግሞ የዱር አሳማ ማሳው ላይ ይዘምታል። ማማ ላይ አድሮ፣ ወንጭፍ ወንጭፎ፣ ቆርቆሮ ደብድቦ ያልሆነለት ሰው በመጨረሻ ስለ ጠመንጃ ይጠይቃል። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ «የስንት ካሊበር ይሻላል?» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ግን ሰው ከሚጠብቅበት በጣም ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው።

ካሊበር የጠመንጃው አፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት ነው። በሚሊሜትር 7.62 ቢባል፣ በኢንች .30 ቢባል ልኩ አንድ ነው። ስለ ባሩዱ ብዛት፣ ስለ እርሳሱ (ተተኩሶ የሚሄደው የጥይቱ ክፍል) ክብደት፣ ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግረንም።

ክላሽን እንውሰድ። ጥይቱ 7.62 በ39 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር ባሩዱን የሚይዘው የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። .308 ዊንቸስተር የሚባለው የአደን ጥይትም ካሊበሩ ያው 7.62 ሲሆን ቀለሁ ግን 51 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ 30-06 የሚባለው ሌላው የአደን ጥይት ደግሞ 63። የሦስቱ ቀዳዳ እኩል ነው። ሆኖም የክላሹ እርሳስ ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 2,000 ጁል ጉልበት ሲይዝ የ.308ቱ ወደ 3,500 ይደርሳል። የድሮው ውጅግራ ጠመንጃ ደግሞ 11 ሚሊሜትር ነበር፤ ስፋት ብቻውን ኃይል ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ባስከነዳ ነበር።

ወደ እንስሳው እንምጣ። ከርከሮ ቀን ቀን ገላጣ ሣር ላይ የሚውል ነው። ሌሊት በቆሎ የሚያወድመው ግን ቀኑን እንደ በለጠ-ገራ ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ተኝቶ የሚውለው የዱር አሳማ ነው። ትልቁ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ቆዳው ወፍራም፣ የትከሻው አጥንት ጠንካራ ነው። ልቡ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት፣ በፊት እግሮቹ መካከል ይገኛል። ስለዚህ እርሳሱ ትከሻውን ሰብሮ እስከ ልብና ሳንባ መድረስ አለበት። 5.56 ሚሊሜትር ጥይት ለዚህ ቀጭን ነው፤ በትክክል ካላረፈ እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል። የቆሰለ አሳማ ደግሞ ቡና ሥር ገብቶ ይተኛና ጠዋት ቡና ለመልቀም የመጣችውን ሴት ያገኛታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በእኔ እምነት .308፣ 30-06 ወይም ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው 7 በ57 ማውዘር ከበቂ በላይ ናቸው። ዝቅተኛው ድንበር .243 ነው፤ እሱም በደንብ ለሚያነጣጥር ሰው። እንደ .375 ያለው ለጎሽ የሚያዝ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመታው ምቱ ትከሻን ስለሚጎዳ ተኳሹ ቃታ ሲስብ ይሸማቀቃል፣ ይስታል።

ከካሊበሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የእርሳሱን ዓይነት ነው። የጦር ሜዳ ጥይት ዙሪያውን በብረት ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ አሳማውን በቀጭኑ በስቶ ወዲያ ማዶ ይወጣል። የአደን ጥይት ግን ጫፉ ላይ እርሳሱ ተገልጦ ይታያል፤ ሥጋ ሲነካ ይሰፋል፣ ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል። እርሳሱ ከ10 እስከ 12 ግራም ቢሆን ለ.308 ተስማሚ ነው።

«ከባድ እርሳስ ቁጥቋጦ ጥሶ ያልፋል» የሚለውን አትመኑት። የቡና ቅርንጫፍ የነካ ጥይት፣ ቀጭንም ሆነ ወፍራም፣ አቅጣጫውን ይስታል። የሳተ የ.308 ጥይት ደግሞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ጅማ ላይ ቤት የሌለበት አቅጣጫ ማግኘት ከባድ ነው። ከእንስሳው ጀርባ ጥይቱን የሚያስቀር የአፈር ዳገት ከሌለ አይተኮስም።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ለአደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ለጠመንጃው። ማሳው የተወረረበት ገበሬ ጥይት ከመምረጡ በፊት የወረዳውን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማነጋገር አለበት፤ ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ቢሄድ አቤቱታው ይበልጥ ይደመጣል።