ሰማዩ ጠርቷል ማለት ደርቋል ማለት አይደለም

ለትንሣኤ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ቡና እየተፈላ ሳለ አጎቴ «ለመሆኑ ያ ፊዚክስህ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ስለ ኅዋ ዳራ ጨረር ነገርኳቸው። ዩኒቨርሱ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀ ብርሃን ነው። ዛሬም ከየአቅጣጫው ይመጣል። ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ 2.7 ኬልቪን ላይ ደርሷል፤ ከፍጹም ዜሮ በላይ ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከመሬት ሆኖ እሱን ለመለካት ትልቁ ጣጣ ከላያችን ያለው አየር ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ መላ ሰጪ ሆነ። መላዎቹን ሌላም ቦታ ስለምሰማቸው አንድ በአንድ ልያቸው።

«ደመና ከሌለ ምን ችግር አለ?»

ደመና የውሃ ጠብታ ነው፣ ይታያል። ይበልጥ የሚያስቸግረው የማይታየው የውሃ ተን ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ነጩ ነገር የሚጀምረው ከአፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። መሀል ላይ ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ። እውነተኛው ተን ያ ባዶ የሚመስለው ነው፤ ነጩ ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ነው። (ጣታችሁን አትስደዱ። የአክስቴ ልጅ ላረጋግጥ ብሎ ተለብልቧል።) መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሰማያችን እንዴት እንደሚያምር ታውቃላችሁ። ለዓይን ጥርት ያለው ያ ሰማይ ለማይክሮዌቭ፣ ማለትም ዳራ ጨረሩ ለሚመጣበት የማይታይ ሞገድ፣ ጭጋግ ሊሆን ይችላል።

«አየሩ ጨረሩን ይውጠዋል፣ በቃ»

መዋጡንስ ይውጣል። የባሰው ግን ራሱ ማብራቱ ነው። አንድን ሞገድ የሚውጥ ነገር በዚያው ሞገድ ያበራል። ስለዚህ አየሩ መጋረጃ ብቻ ሳይሆን የሚያበራ መጋረጃ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ኩራዝ ደግሞ ከጀርባው ነው ያለው።

ዳራ ጨረሩን ያገኙት ተመራማሪዎች ፔንዚያስና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ የገጠማቸው ይኸው ነበር። አንቴናቸውን ከአናት ወደ አድማስ ዘንበል እያደረጉ ለኩ። ወደ አድማስ ሲዞር የሚታይበት አየር ይወፍራል፣ የሚያበራውም ይጨምራል። ከጭማሪው ተነስተው አናት ላይ ያለው አየር ድርሻ 2.3 ኬልቪን መሆኑን አወቁ። እሱን ቀነሱ። የአንቴናውንም የራሱን ሙቀት ቀነሱ። አንቴናው ውስጥ የነበረውን የርግብ ኩስ ሳይቀር ጠረጉ። 3.5 ኬልቪን ገደማ ግን አልነቀል አለ። ያ ትራፊ ዳራ ጨረሩ ነበር፤ በ1978 ኖቤል ያሸለማቸውም እሱ ነው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ አንቴና የማዘንበል ነገር ነው። አየሩን በትክክል ባይለኩት ኖሮ ትራፊውን «የአየር ነው» ብሎ መተው ቀላል ነበር።

«ሳተላይት እያለ መሬት ላይ ምን ያደርጋል?»

በ2009 የመጠቀው ፕላንክ የተባለው ሳተላይት መስታወቱ 1.5 ሜትር ነበር። የደቡብ ዋልታው ቴሌስኮፕ 10 ሜትር ነው። ረቂቁን ዝርዝር ለማየት ሰፊ መስታወት ያስፈልጋል፤ ይሄን የሚያህል ነገር ደግሞ በሮኬት መጫን ቀልድ አይደለም።

«ብዙ ሰዓት ከለኩ የአየሩ ረብሻ ይጠፋል»

ኦክስጅን ቢሆን ብዙም አያስቸግርም፤ በአየሩ ውስጥ እኩል ስለተቀላቀለ ያው ነው። ተኑ ግን እዚህ ወፈር እዚያ ሳሳ እያለ በነፋስ ይነዳል። ዳራ ጨረሩ ላይ የሚፈለገው ልዩነት ደግሞ ከ100,000 አንድ እጅ ያህል ነው። በዚያ ላይ የተን ቋጠሮ ሲያልፍ አስቡት። ደግነቱ የአየሩ ብርሃን ባብዛኛው ፖላራይዝድ አይደለም፤ ማለትም ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ አይርገበገብም። ስለዚህ ፖላራይዜሽን የሚለኩ ሰዎች በሁለት አቅጣጫ የሚርገበገበውን ሲያቀናንሱ አብዛኛው የአየሩ ድርሻ ይጠፋላቸዋል። የበረዶ ቅንጣት ያለው ደመና ሲመጣ ግን ይሄም ይበላሻል።

«እንግዲያው ቴሌስኮፑን ጮቄ ተራራ ላይ መትከል ነዋ!»

ይሄ የአጎቴ ነው። ጎጃሜ ሆኖ ይሄን ማፍረስ ይከብዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታም ይረዳል። ተኑ በአብዛኛው ታችኛው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የሚቀረው። ቺሊ አታካማ በረሃ ላይ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥተው ቴሌስኮፕ የተከሉት ለዚህ ነው። ግን የደቡብ ዋልታ ጣቢያ 2,835 ሜትር ላይ ነው፤ ከጮቄ ከሺህ ሜትር በላይ ይዘቅጣል። ሆኖም ለዚህ ሥራ ከዓለም ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው። ምስጢሩ ብርዱ ነው። ጨለማው ወራት ላይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ እንዲህ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ተን አይሸከምም። ያኔ ከጣቢያው በላይ ያለው ተን በሙሉ ውሃ ቢሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ጮቄስ? በሐምሌ ጉሙ ጅብራውንና አስታውን ሲውጠው ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የዓባይ ገባሮች ከዚያ የሚፈልቁት ያ ሁሉ ውሃ ከላዩ ስለሚመጣ ነው።

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ተወው በቃ፣ ጤፋችን ይሻለናል» አሉ።