ከጓደሉፕ እስከ ሴንት ቪንሰንት፦ የካሪቢያንን እሳተ ገሞራዎች በእግር

ካሪቢያን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ነጭ አሸዋና ትልልቅ የመዝናኛ መርከብ ነው። በባሕሩ ምሥራቃዊ ጫፍ ያሉት ተራራማ ደሴቶች ግን የእግረኛ አገር ናቸው። ጓደሉፕ፣ ዶሚኒካ፣ ማርቲኒክ፣ ሴንት ሉሺያና ሴንት ቪንሰንት ከሰሜን ወደ ደቡብ በሰልፍ የቆሙ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። አንዱን ብቻ አይቶ መመለስ ያስቆጫል፤ የአንዱ ተራራ ታሪክ የሚገባው ጎረቤቱን ሲያዩ ነው።

ሁሉንም የወለዳቸው አንድ ነገር ነው። የአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተንሸራተተ ከካሪቢያን ወለል ሥር ይገባል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ውስጡ ያለውን ውሃ ይለቃል። ይህ ውሃ ከበላዩ ያለውን የጋለ አለት እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ የቀለጠውም መውጫ ፈልጎ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን እርጥበት ተሸክሞ መጥቶ ተራሮቹ ላይ ያዘንበዋል። አመድ ያዳበረው አፈርና የማያቋርጥ ዝናብ ሲገናኙ ውጤቱ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ግን ዝናቡ ይቀንሳል፣ ቁጥቋጦም ይበዛል። በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ ሁለት የአየር ጠባይ ማየት የተለመደ ነው።

ጓደሉፕ የፈረንሳይ ግዛት ናት። ከሁለቱ ዋና ደሴቶቿ ምሥራቃዊው ሜዳ ነው፤ ተራራው ያለው ባስ-ቴር በሚባለው በምዕራቡ ነው። እዚያ ላ ሱፍሪየር 1,467 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ የደሴቶች ሰንሰለት ከእሱ የሚበልጥ የለም። መውጫው ሲጀመር የሞቀ ውሃ ገንዳ አለ፤ ከላይ ደግሞ ድኝ የሚሸት እንፋሎት ከአለቱ ስንጥቅ ይወጣል። በ1976 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ተራራው ሲያጉረመርም ከ70,000 በላይ ሰው ለወራት ከቀዬው ወጥቶ ነበር። የተፈራው ትልቅ ፍንዳታ ሳይመጣ ቀረ። በዚሁ ተራራ ጎን የካርቤ ፏፏቴዎች አሉ። ሁለተኛው 110 ሜትር ያህል ይወረወራል፣ መንገዱም ቀላል ስለሆነ ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል።

ጊዜ ያነሰው ሰው አንድ ደሴት ብቻ ይምረጥ ከተባለ፣ እኔ ያለምንም ማመንታት ዶሚኒካን እላለሁ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር መምታታት የለባትም። 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በ1978 ከእንግሊዝ ነፃ የወጣች ትንሽ አገር ናት። ሜዳ ስለሌላት ትልልቅ የሸንኮራ እርሻዎች እንደ ሌሎቹ ደሴቶች አልተስፋፉባትም፤ ደኗም የተረፈው በዚህ ነው። ባንዲራዋ ላይ ያለው ሲስሩ የሚባል በቀቀን ከእሷ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም።

የዶሚኒካ ዋናው ጉዞ ወደሚፈላው ሐይቅ ነው። ሎዳ ከምትባል የተራራ መንደር አጠገብ ይነሳል፤ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ደን ነው፣ ከዚያ ጭቃና ደረጃ የሆነ ዳገት። ከዚያ ዛፉ ድንገት ያልቅና የጥፋት ሸለቆ የሚባለው ይመጣል። መሬቱ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ነው። ምንጩ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ዓይን ይጋርዳል። አስጎብኚዎች እዚያው ፍል ውሃ ውስጥ እንቁላል ቀቅለው ለእንግዳ ያቀርባሉ። ከሸለቆው ማዶ 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ግራጫ ሐይቅ እንደ ድስት ሲፈላ ይታያል። ከሥር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነው የሚያፈላው። ሰው አይገባበትም፤ ጠርዙም ስለሚንሸራተት መጠጋት የለበትም። በመመለሻው ቲቱ በሚባለው ጠባብ ገደል ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ መዋኘት ድካሙን ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል።

ረጅም መንገድ ለሚወድ ደግሞ ዋይቱኩቡሊ የሚባል ጉዞ አለ። 14 ክፍል ያለው፣ ደሴቷን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጥ፣ ወደ 185 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ነው። በካሊናጎ ሕዝብ ግዛት በኩል ያልፋል። ካሊናጎዎች ኮሎምበስ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ የካሳቫ ቂጣቸውን ትኩሱን መቅመስ ይገባል። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ዶሚኒካን አወደማት። መንገዶቹም በወደቀ ዛፍ ተዘጉ፣ ደኑ ቅጠል አልቀረለትም ነበር። መልሶ የለመለመበት ፍጥነት ያስደንቃል።

ማርቲኒክ ላይ ፔሌ ተራራ 1,397 ሜትር ነው። ጥሩ ቀን ከገጠመ ከላይ ሁለት ባሕር ይታያል፤ በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላው ካሪቢያን። ተራራውን ወጥቶ ሴን-ፒዬር ከተማን ሳያዩ መሄድ ግን ነውር ነው። ግንቦት 8 ቀን 1902፣ የዕርገት በዓል ጠዋት፣ የጋለ ጋዝና አመድ ከተራራው ወርዶ ከተማዋን በደቂቃዎች ውስጥ አጠፋት። ወደ 28,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ተራራው ለሳምንታት አመድ ሲተፋ የነበረ ቢሆንም ከተማዋ እንድትለቀቅ አልተደረገም። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ በወፍራም ግድግዳ እስር ቤት ውስጥ የነበረው ሲልባሪስ ነው፤ ክፍሉ ዛሬም ይጎበኛል።

ለእኛ ማርቲኒክ ሌላም ትርጉም አላት። በ1720ዎቹ ደ ክሊዩ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን የቡና ችግኝ ይዞ ወደዚች ደሴት ተሻገረ። በመርከቡ ላይ የመጠጥ ውሃ ሲያንስ ድርሻውን ለችግኙ እንዳካፈለ ራሱ ጽፏል። ከእኛ ደን የተነሳው ቡና በማርቲኒክ በኩል ወደ ብዙ የአሜሪካ አገሮች ተዳርሷል። የእኛው ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያውቀው ነገር አያጣም። ገበያው ላይ ጎደሬ ሞልቷል፤ ቅጠሉ ጭምር ለሾርባ ይውላል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያደረጉ ራስተፈሪያኖችም በየደሴቱ አሉ።

ሴንት ሉሺያ የምትታወቀው ከባሕር ዳር ቀጥ ብለው በወጡት፣ ፒቶን በሚባሉ ሁለት ሹል ተራሮች ነው። ትልቁን መውጣት አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጉዞው የሚጀምርበት መንደር ከባርነት ባመለጡ ሰዎች የተመሠረተ ነው፤ አስጎብኚዎቹም የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

በሴንት ቪንሰንት ያለውም ተራራ ላ ሱፍሪየር ይባላል። ከፔሌ አንድ ቀን ቀድሞ በ1902 ፈንድቶ ከ1,500 በላይ ሰው ገድሏል። ሚያዝያ 9 ቀን 2021 እንደገና ፈነዳ። በዚህ ጊዜ ግን ባለሙያዎች ምልክቱን ተከታትለው አስጠነቀቁ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ወደ 16,000 የሚጠጋ ሰው እንዲወጣ ታዘዘ። በፍንዳታው የሞተ አልነበረም። ሴን-ፒዬርን አይቶ እዚህ የደረሰ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጣጠማል። ማርቲኒክና ሴንት ሉሺያ ላይ በጣም መርዘኛ እባብ ስላለ ከመንገድ መውጣት አይገባም፤ ዶሚኒካ ላይ ይህ ስጋት የለም። ባሕር ዳር ያለው የማንቺኒል ዛፍ ግን ፍሬውም ወተቱም መርዝ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ከሥሩ መጠለል ቆዳ ያቃጥላል። ከጓደሉፕ እስከ ሴንት ሉሺያ ባሉት አራቱ ደሴቶች መካከል የመንገደኛ ጀልባ አለ። ጓደሉፕና ማርቲኒክ በዩሮ፣ ሌሎቹ በምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ይገበያያሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ተራ የሸንገን ቪዛ ለሁለቱ የፈረንሳይ ደሴቶች አይሠራም። የባሕር ማዶ ግዛቶቹን የሚጠቅስ የፈረንሳይ ቪዛ ለብቻው መጠየቅ አለበት።