«ግርማይ አሸነፈ»፦ ስለ ብስክሌት ዘገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሳይክል ለማውራት ሰበብ አያስፈልግም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ሽማግሌውም ይጋልባል። ሰኔ 2016 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከዚራ ከዛፍ ጥላ ስር ጎማዬን ላስለጥፍ ቁጭ ብዬ ነበር። ሳይክል ሰሪው የውስጡን ጎማ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ ይፈልጋል። እኔ ከስልኬ ላይ የትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ የቱር ደ ፍራንስን ዜና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፦ «ግርማይ በ3ኛው መድረክ አሸነፈ።»

ቀና እንኳ አላለም። «አቦ፣ የምን መድረክ? ዘፋኝ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። የሰው ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በእጄ አልፎ ያውቃል። ስለ ብስክሌት ዘገባ ስናወራ ሁሌ የምሰማቸውን አንዳንድ አባባሎች እዚህ ላንሳ።

«አንባቢው ውጤቱን ካወቀ ይበቃዋል፤ አጻጻፉ ምን ያደርግለታል?»

ቱር ደ ፍራንስን የወለደው እኮ ጋዜጣ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ሎቶ የሚባል የፈረንሳይ የስፖርት ጋዜጣ ተቀናቃኙን ለመብለጥና ሽያጩን ለማሳደግ ብሎ ውድድሩን ፈጠረ። አዘጋጁ ኦንሪ ዴግራንዥ ነበር። የመጀመሪያው ውድድር 2,428 ኪሎ ሜትር በ6 ምዕራፍ፣ ማለትም ለየብቻ በሚጋለቡ 6 ክፍሎች፣ የተከፈለ ነው፤ በአማካይ አንዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሌሊት ሁሉ ይጋለብ ነበር። ሬዲዮ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ሰው ያየው በጸሐፊው ዓይን ብቻ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. የመጣው የመሪው ቢጫ ማልያ ራሱ የሚያያዘው ጋዜጣው ከሚታተምበት ቢጫ ወረቀት ጋር ነው። ዛሬ ውጤቱን ስልክ በሰከንድ ያመጣልናል። ውጤቱ እንዴት እንደመጣ የሚነግረን ግን አሁንም ጸሐፊው ነው።

«እንግሊዝኛ የቻለ ሰው ይተረጉመዋል»

መድረኩ የመጣው ከዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ስቴጅ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስር የመጀመሪያውን ፍቺ አንስቶ መለጠፍ። «ዙር» የሚሉም አሉ፤ አንባቢው ግን ሜዳ የሚዞሩ ይመስለዋል። «የ3ኛው ቀን ውድድር» ማለትም ብዙ አያስኬድም። ቱር 21 ምዕራፍ ይዞ 23 ቀን ነው የሚፈጀው፤ 2 የእረፍት ቀን በመሀል አለ። ስለዚህ 12ኛውን ምዕራፍ «12ኛው ቀን» ካልከው ተሳስተሃል። እኔ «ምዕራፍ» ይሻለኛል። እዚህ ድሬ የምድር ባቡር ሽማግሌዎች ፈረንሳይኛ ስለሚችሉ «ኤታፕ» ብትላቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ግን ለእነሱ ብቻ አንጽፍም።

«ስም ስም ነው፤ የውጪዎቹ እንደጻፉት ይጻፍ»

በኔ ቤት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፈረንጅ ሰውን በመጨረሻ ስሙ ይጠራል። «ግርማይ አሸነፈ» ሲል ልክ ነው፣ ባህሉ ነው። እኛ ቃል በቃል ስንገለብጠው ግን አሸናፊው አባትየው ሆኑ! ጋላቢው ቢንያም ነው።

ነገሩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው። ቢንያም ግርማይ ኤርትራዊ ነው። ሁለቱ በአንድ ዘመን ጋልበዋል። «ግርማይ» የሚለው ስም ገጠመ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። «ግርማይ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የቱን ማለቱ ነው? የውጭ አንባቢ ግር ቢለው አይፈረድበትም። የእኛ አንባቢ ግን ስሙን በደንብ እያወቀው ነው የምናደናግረው።

«'የመጀመሪያው አፍሪካዊ' ካልን ዜናው ይደምቃል»

ይደምቃል፤ ግን ይዋሻል። ቢንያም በ2024 እ.ኤ.አ. የቱርን ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ሀንተር በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ ምዕራፍ ወስዷል። አንዲት ቃል ስትወድቅ የሰው ድል አብሮ ይወድቃል። በዚያው ዓመት ቢንያም የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ ግን «የመጀመሪያው አፍሪካዊ» ብንል ትክክል ነን። እዚህ ላይ ሌላ ስህተትም ይከተላል። አረንጓዴው ማልያና የውድድሩ አጠቃላይ አሸናፊነት ለየቅል ናቸው፤ አንዱ በተሰበሰበ ነጥብ፣ ሌላው በድምር ሰዓት ነው። የ2024ን ቱር ያሸነፈው ስሎቬኒያዊው ታደይ ፖጋቻር ነው። «ቢንያም ቱርን አሸነፈ» የሚለውን አርዕስት አንድ ሁለቴ አይደለም ያየሁት።

«ቁጥር አይዋሽም»

ቁጥሩ ባይዋሽም አጻጻፉ ይዋሻል። «ውድድሩን በ5 ሰዓት ከ20 ጨረሰ» የሚለውን እንይ። ረፋድ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ገባ ነው ወይስ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀበት? አማርኛ ለሁለቱም «ሰዓት» ነው የሚለው። «ፈጀበት» የምትል ቃል ብትጨመር ነገሩ ያልቅ ነበር።

ዘመን አቆጣጠሩም አለ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል። 1956 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ ህዳር 1949። «በ1956 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው ታሪኩን 7 ዓመት ወደፊት ገፍቶታል።

ዳገት ደግሞ በመቶኛ ነው የሚለካው። 10 በመቶ ማለት 100 ሜትር አግድም በሄድክ ቁጥር 10 ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ በዲግሪ ወደ 6 ገደማ ይሆናል። «የ10 ዲግሪ ዳገት» ብለህ ስትጽፍ ተራራውን ከ17 በመቶ በላይ አድርገኸዋል። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ የደንገጎን ጠመዝማዛ በፔዳል የሞከረ ሰው በዚህ አይቀልድም።

አንዳንዴ ደግሞ ልክ የሆነውን የምናበላሸው አራሚዎቹ ነን። የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ከመቶ በላይ ጋላቢዎች አንድ ዓይነት ሰዓት ተጽፎላቸው አይቼ የቅጂ ስህተት መስሎኝ ላጠፋው ነበር። ስህተት አይደለም። አብረው በአንድ መንጋ ለገቡ ሁሉ አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ያን ቀን ደውዬ ባልጠይቅ ኖሮ ጉድ ነበር።

«አራሚ ማለት ፊደል ለቃሚ ነው»

በ«ጸ» ነው በ«ፀ» ነው እየተባባልን ግማሽ ቀን እንጨቃጨቃለን። አባትየው በልጁ ፈንታ ማሸነፋቸውን ያየ የለም።

«የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ማሞገስ ግድ ነው»

«አንበሳው»፣ «መብረቁ»፣ «ታሪክ ሠሪው»። እኔም ቢንያምን እወደዋለሁ፤ ያሸነፈ ለት ከዚራ ላይ ጮኸናል። ግን ሦስቱም ቃላት ስለማንም ሊጻፉ ይችላሉ። ይህን ግን ተመልከቱ። ግንቦት 2014 ዓ.ም. ላይ ቢንያም በጣሊያኑ ትልቅ ውድድር በጂሮ ዲ ኢታሊያ ውስጥ ዬዚ ከተማ ላይ ሆላንዳዊውን ማትዩ ቫን ደር ፑልን ቀድሞ 10ኛውን ምዕራፍ አሸነፈ። ሽልማቱ ላይ የወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ሆስፒታል ሄደ፤ በማግስቱ አልተሰለፈም፣ ውድድሩን ተወ። ይህን ያነበበ ሰው «አንበሳው» ባይባልለትም ልጁን አይረሳውም።

ወደ ሳይክል ሰሪው ልመለስ። ዜናውን በአፌ አርሜ ደገምኩለት፦ «ቢንያም ግርማይ ቱሪን ላይ ባለቀው 3ኛ ምዕራፍ ሁሉንም ቀድሞ ገባ።» ቀዳዳዋን አግኝቶ በእስክሪብቶ ከቧት ነበር። አሁን ቀና አለ።

«እሺ። በስንት ቀደማቸው? በጎማ ነው ወይስ ርቆ?»

ስልኬን ወደ ላይ ወደ ታች አደረግኩት። አልተጻፈም።