ሺህ ሰው ጠይቆ ስለ ሚሊዮኖች መናገር፦ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ምን ያህል ይታመናል?

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ዜናው ሁሉ «እገሌ በሦስት ነጥብ ይመራል» ይሆናል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ዘመድ ያለው ሰው ደውሎ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እኔን የጠየቀኝ የለም እኮ!» ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሚሰጥበት አገር የሚጠየቀው ሺህ ሰው ከሆነ ዘመዳችን ጋ አለመድረሱ አይገርምም። ግን ቅሬታው የዋህ ቢመስልም የነገሩን ሥር ነክቷል። ማን ተጠየቀ? ማንስ ዝም አለ?

የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ብዙዎቻችን ፖል የምንለው፣ ጥቂቶችን ጠይቆ ስለ ብዙኃኑ የሚናገር ሥራ ነው። ወጥ እንደመቅመስ ቁጠሩት። ጨው መብቃቱን ለማወቅ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም፣ መዳፍ ላይ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ግን ወጡ መማሰል አለበት። ካልተማሰለ ጠብታው የሚናገረው ስለ ላዩ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ማማሰል ማለት ሰዎችን በዕጣ መምረጥ ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም፣ ከተሜውም ገጠሬውም የመመረጥ ዕድል እንዲኖረው። እንዲህ ከተሠራ ለሺህ ሰው የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደላይም ወደታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው። ለ2,400 ሰው ወደ 2 ነጥብ ይወርዳል። የአገሩ ሕዝብ 10 ሚሊዮን ሆነ 300 ሚሊዮን ሒሳቡ ብዙም አይለወጥም።

ወጡ ሳይማሰል ሲቀመስ ምን እንደሚሆን በ1936 ታይቷል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት ማንን እንደሚመርጡ የሚጠይቅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ከዚያ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የማን እንደነበር መገመት አያቅትም። በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ የበለጠ የተጣደፈው በሩዝቬልት የተናደደው ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሉፕ የሚባል የሕዝብ አስተያየት አጥኚ 50,000 ገደማ ሰው ብቻ ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ ተናገረ። መጽሔቱ እንደሚስትም አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። መጽሔቱ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም፣ በ1938 ተዘጋ።

የእኛ የቴሌግራም ቻናሎች «ማንን ትደግፋላችሁ?» ብለው ለጥፈው «ይኸው አርባ ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ» ሲሉ ያው የሊተራሪ ዳይጀስት ጣጣ ነው። ተከታዩ መጀመሪያውኑ በባለቤቱ ሐሳብ የተሰበሰበ ነው። ያልተማሰለ ወጥ በጭልፋ ቢቀመስም ያው ነው።

ጋሉፕም ቢሆን ተራው ደረሰው። በ1948ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ቶማስ ዱዊ 49.5፣ ሃሪ ትሩማን 44.5 በመቶ ያገኛሉ አለ። ትሩማን አሸነፈ፣ ያውም ለዱዊ የተተነበየለትን ያህል እሱ ይዞ። ሺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን «ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ» ብሎ ቀድሞ ያተመውን ጋዜጣ ትሩማን ከፍ አድርጎ እየሳቀ የተነሳው ፎቶ እስካሁን ይዞራል። ጠያቂዎቹ ሰው የሚመርጡት በዕጣ ሳይሆን በኮታ ነበር፤ «ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወንድ ጠይቅ» ይባሉና ከዚያ የቀናቸውን ይጠይቃሉ። ደግሞም ጥናቱን ምርጫው ሳይደርስ አቋርጠውት ስለነበር ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት ሐሳቡን ሲለውጥ አላዩም።

የዛሬው ችግር ሌላ ነው። ሰው ስልክ አያነሳም! ፒው የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እንደሚለው በ1997 በስልክ ከሚፈለጉ መቶ ሰዎች 36 ያህሉ ይመልሱ ነበር። በ2018 ስድስት ብቻ ቀሩ። ዘጠና አራቱ የት ሄዱ? ጥናት ሠሪዎቹ ጉድለቱን የሚሞሉት ክብደት በመስጠት ነው፤ በናሙናው፣ ማለትም ከተጠየቁት ሰዎች መካከል፣ ያነሰው ወገን መልስ ከአንድ በላይ፣ የበዛው ደግሞ ከአንድ በታች እንዲቆጠር ያደርጋሉ። ይህ የሚሠራው መልስ የሰጠው ሰው ያልሰጠውን ከመሰለ ነው። በ2016 አገር አቀፉ ጥናት ያን ያህል አልሳተም ነበር፤ ሂላሪ ክሊንተን በጠቅላላ ድምፅ በ2 ነጥብ በልጣለች። የተበላሸው ትራምፕ ምርጫውን ባሸነፈባቸው ግዛቶች፣ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬንያ ላይ ነው። ብዙዎቹ የግዛት ጥናቶች በትምህርት ደረጃ ክብደት አልሰጡም፣ የተማረ ሰው ደግሞ መጠይቅ መመለስ ይቀናዋል። ይህን አርመው በ2020 ሲመጡ ይባስ ብሎ ስህተቱ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ሆነ። ባይደን ቢያሸንፍም ጥናቶቹ ያሉትን ያህል አልራቀም።

2024 ደግሞ የአዮዋዋ አን ሴልዘር አለች። ለዓመታት በትክክለኛነቷ የተከበረች ባለሙያ ናት። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ካማላ ሃሪስ በአዮዋ 47 ለ44 ትመራለች አለች። ትራምፕ ግዛቷን በ13 ነጥብ ወሰደ፣ ቆይቶም ከሰሳት። እኔ ሴልዘር ላይ የሚዘንበው ስድብ አይዋጥልኝም። ያገኘችውን ውጤት ሳትደብቅ አወጣች። በዚህ ሙያ የሚፈራው መንጋነት ነው፤ ውጤታቸው ከሌላው ሲለይባቸው ፈርተው ወደ መሃል የሚያስጠጉት ናቸው ሁላችንንም አንድ ላይ የሚያሳስቱን።

ስለ ስህተት ህዳግ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዜናዎች ሁሌ ይዘሉታልና። 3 ነጥብ የሚባለው ለእያንዳንዱ ዕጩ ነው። በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ሲሆን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «በሁለት ነጥብ ይመራል» ማለት በተግባር «ማን እንደሚመራ አይታወቅም» ማለት ነው።

የጥያቄው አጠያየቅም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በጥር 2003 ፒው አሜሪካውያንን ሳዳም ሁሴንን ለመጣል ወታደራዊ እርምጃ ትደግፋላችሁ ወይ ሲል 68 በመቶው አዎ አለ። «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊጎዱ ቢችሉም?» የሚል ሲታከልበት ወደ 43 ወረደ። ያው ሕዝብ፣ ያው ጦርነት። ስለዚህ «ሕዝቡ ይደግፈዋል» የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ጥያቄው በቃሉ ምን እንደሚል ነው። ካልጻፉት አልፈዋለሁ።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ ፖል መለኪያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በር ጠባቂም ነው። በአሜሪካ ከ2000 ጀምሮ በፕሬዚዳንታዊ ክርክር መድረክ ለመቆም በአገር አቀፍ ጥናቶች 15 በመቶ ማግኘት ግድ ሆኗል። ሦስተኛ ወገን ዕጩ ካልታወቀ 15 አያገኝም፣ ክርክር ላይ ካልወጣ ደግሞ አይታወቅም። ገንዘብ ሰጪውም ቁጥር አይቶ ነው ኪሱን የሚከፍተው። ባይደን በሐምሌ 2024 ከውድድር እንዲወጣ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሲገፉት በእጃቸው ከያዙት ማስረጃ አንዱ የጥናት ውጤት ነበር። «ያሸንፋል» ከተባለው ጎን መሰለፍ የሚወድም አለ፣ «አበቃለት» ሲባል ቤቱ የሚቀርም አለ። ይህ ተጽዕኖ ምን ያህል እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፣ ሕግ አውጪዎች ግን አልጠበቋቸውም። ጣሊያን ከምርጫው በፊት ባሉት 15 ቀናት አዲስ ጥናት ማውጣትን ትከለክላለች። ፈረንሳይ በዋዜማውና በዕለቱ፣ ጎረቤታችን ኬንያም በመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት። በነገራችን ላይ በ2022 ኬንያ ውስጥ ታዋቂ ጥናቶች ራይላ ኦዲንጋን ሲያስቀድሙ ዊልያም ሩቶ በ50.49 በመቶ አሸንፏል።

እስራኤል ሲሄዱ ደግሞ በየሳምንቱ ፓርቲዎች ስንት ወንበር እንደሚያገኙ ይነገራል፣ ብዙ ጊዜ 500 ሰው ገደማ ተጠይቆ። ቤተ እስራኤላውያን ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ስለዚህ ናሙናው በትክክል ቢወጣ እንኳ የሚደርሳቸው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰው ነው። በዘጠኝ ሰው «ኢትዮጵያውያኑ ምን ያስባሉ?» ተብሎ አይመለስም፤ ለማወቅ ለብቻቸው ሰፋ ያለ ጥናት ይፈልጋሉ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ምርጫ ሲደርስ «እገሌ ይመራል» የሚል ፖል ብዙም አልለመድንም። ያለው በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር ነው። በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገብቶ 2,400 ሰው ገደማ ቤት ለቤት ጠየቀ። መልሱ ጉድ ነበር። ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ነጥብ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ሆነ። በ2015 ገዥው ፓርቲ ከአጋሮቹ ጋር የፓርላማውን ወንበር ሁሉ ያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናወጠ፣ በ2016 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ታዲያ ያ ሁሉ እርካታ የት ነበር? ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ጠየቁ፦ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ዴሞክራሲን በሌላ መንገድ መረዳት? እኔ ከሦስቱ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። የማያውቁት ሰው በር አንኳኩቶ «መንግሥትን እንዴት ያዩታል?» ሲል፣ ከቀበሌ መሆኑንና አለመሆኑን ሳያውቁ፣ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ነው የሚባለው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ሕዝብ ነው።

ሌላም አለ። በዕጣ ለመምረጥ መጀመሪያ ሰው የት እንደሚኖር የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው፣ በእኛ 1999። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ተፈናቀለ፣ ስንት ኮንዶሚኒየም በቀለ። ጦርነት ያለበት ወረዳ ደግሞ ጠያቂም አይገባም።

አፍሮባሮሜትር ግን የምወድለት አንድ ነገር አለ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ መላሹን «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። በብዙ አገሮች ቀላል የማይባል ሰው «መንግሥት» ይላል፣ ጠያቂው ሲጀምር ገለልተኛ ነን ብሎ የነገረውን ሰምቶም። የዚያን ሰው ሌሎች መልሶች ሳነብ ይህችኛዋን መጀመሪያ አያለሁ።