«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል»፦ በሐረርና በድሬዳዋ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።»
ተረቱ ያምራል፤ ጅቡ ግን አንካሳ አይደለም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል፤ የሚያነክስ የሚያስመስለው ይኸው ነው። ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

«ጅብ ወንድም ሴትም ነው።»
ያየ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ከጁገል (ከሐረር ግንብ) ውጭ የምናየው የዝንጉርጉር ጅብ ሴቷ ቂንጥሯ ረዝሞ የወንድ ብልት ይመስላል። የምትሸናውም የምትወልደውም በዚያው ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ ወሊዷ እጅግ ከባድ ነው፤ ብዙ ግልገል መውጫው ላይ ታፍኖ ይሞታል። እርግዝናው 110 ቀን ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርሳቸው በቅሎ ይወለዳሉ። በተረት «አያ ጅቦ» ስንል የኖርነው የመንጋው አለቃ በእውነቱ እመቤት ናት። ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ልጆቿም ማዕረጓን ይወርሳሉ። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ሌላ መንጋ ይሄድና ከታች ይጀምራል።

«ጅብ ጥንብ ብቻ ነው የሚበላው።»
እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ተመራማሪዎች ሌሊት ሌሊት ሲከታተሉት፣ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚያገኝ፣ አንበሳም ብዙ ጊዜ የእሱን ግዳይ እንደሚነጥቅ ታይቷል። ሐረር ላይ ግን የሚታደን አውሬ ስለሌለ በከተማው ትራፊና አጥንት ያድራል፤ በግንቡ ቀዳዳ (ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» በሚሉት) ገብቶ ያጸዳል። ኩሱ ሲደርቅ የሚነጣው ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ነው። በዓሹራ ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ሲቀርብለት ይበላል።

«የሐረር ጅብ ለማዳ ነው።»
የለመደው ሁልጊዜ ሥጋ የሚያበላውን ሰው እንጂ ሰውን ሁሉ አይደለም። ለማብላት ከተጠጉ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ እንጂ በጣት አይያዙ። በኪስ ወይም በቦርሳ ሥጋ ይዞ መቅረብ አይገባም፤ መሮጥም አይገባም፤ የሚሸሽን ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነው። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። «ቁስሉ ትንሽ ነው» ብሎ መጠበቅ ገዳይ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም።

«ጥንብ አንሳ በሽታ ያዛምታል፤ ጥንብም በማሽተት ያገኛል።»
የእኛ አገር ጥንብ አንሳ ጥንብ የሚፈልገው በዓይኑ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተላል። የጨጓራው አሲድ ብዙ ጀርም ይገድላል። በየቄራው የምናየው ትንሹ ዝርያ በዓለም ደረጃ በእጅጉ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ለውሻ ወይም ለጅብ ተብሎ በሬሳ ላይ የተነሰነሰ መርዝ መንጋውን በአንድ ቀን ይፈጃል፤ በዓመት አንድ እንቁላል የሚጥል ወፍ ደግሞ ቶሎ አይተካም።

«ጃርት እሾኋን ትወረውራለች።»
አትወረውርም። እሾኹ የጠነከረ ፀጉር ነው፤ ሥሩ ስለሚላላ በየመንገዱ ይረግፋል። ስትጠቃ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ትሮጣለች፤ ውሻው ራሱ ነው የሚሰካበት።

የሌሊት ወፍስ? ስሟ ያሳስታል እንጂ ፀጉር ያላት፣ ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት፤ ዕውርም አይደለችም።

«ያቺ ነጭ አበባ ምንም አታደርግም።»
ከዝናብ በኋላ በድሬዳዋ መንገድ ዳርና በሐረር ማሳ የሚፈነዳው ነጭ አበባ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ቅንጬ አረም ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ፈረምሲሳ» ይሉታል። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። በማጭድ ከታጨደ ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አበባ ሳያወጣ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው። ቆዳ ስለሚያሳክክና ብናኙ አስም ስለሚቀሰቅስ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል።